ከዋሻው የሚነፍሰው ብርድ

አንድ ሰው ነበረ፤ ብርድን ከጅብ አብልጦ የሚፈራ። ቤቱ ከኖራ ድንጋይ ተራራ ሥር ነበር፤ ፍየሎቹንም የሚያሳድረው ተራራው ግርጌ ባለች ትንሽ ዋሻ ውስጥ ነው። ከዋሻዋ በስተኋላ አንድ ስንጥቅ አለ። በበጋ፣ ውጭው በፀሐይ ሲቃጠል፣ ከዚያ ስንጥቅ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። ሰውየውም «ይሄ ነፋስ ፍየሎቼን ይፈጅብኛል» እያለ በጭድና በጭቃ ይደፍነዋል። ጭቃው ደርቆ ሲፈርስ እንደገና ያቦካል።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ ነጠፈ፤ ፍየሎቹም መሞት ጀመሩ። ሚስቱ ጓዟን ጠቅልላ ልትሰደድ ስትነሣ፣ አንዲት ፍየል የስንጥቁን ጭቃ ስትልስ አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ! ጭቃው ረጥቧል።»

«ተይው፣ ብርድ ያስገባል!»

«ጥም ሊገድለን አንተ ብርድ ትፈራለህ? ያውልህ ጋቢህ፣ ተከናነብ!»

ሰውየው አፍሮ ጋቢውን ተከናነበና የደፈነበትን ጭቃ በዶማ ናደው። ነፋሱ ፊቱን መታው፤ እርጥብ ነበር! ችቦ ለኩሶ በደረቱ እየተሳበ ገባ። ቀና ቢል የችቦው ብርሃን ጣሪያው ድረስ አልደርስ አለው። ነጫጭ ድንጋዮች ከላይ ከጨለማው ውስጥ እንደ ጧፍ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፤ ከታችም ሌሎች ወደ እነሱ ያድጋሉ፤ አንዳንዶቹ ተገናኝተው ዓምድ ሆነዋል። ለካ የስንት ዘመን ዝናብ በአፈሩ ውስጥ ሲሰርግ እየኮመጠጠ፣ የኖራውን ድንጋይ በጥቂት በጥቂቱ እያሟሟ፣ ያን ሁሉ አዳራሽ ፈልፍሎ ኖሯል! የሚንጠባጠበውም ውሃ የተሸከመውን ኖራ ጠብታ በጠብታ እያኖረ ዓምዶቹን ሠርቷል። ከዓምዶቹ ግርጌ ደግሞ ጥርት ያለ ኩሬ!

«ውሃ! አንቺ፣ ውሃ አለ!» ብሎ ጮኸ። ጣሪያው ላይ ያደሩ የሌሊት ወፎች ግር ብለው ተነሡ፤ ዋሻውም ከየማዕዘኑ «ውሃ አለ! አለ! አለ!» እያለ መለሰለት። ጋቢው ከትከሻው መውደቁን እንኳ አላወቀም። ሚስቱ እየሣቀችም እያለቀሰችም እንስራዋን ይዛ ገባች። የተረፉት ፍየሎች በዚያው ቀን ጠጡ።

አንቺ ልጄ፣ «መጽሐፍ ሳነብ ጥያቄ እየመጣ ሰላም ይነሣኛል፤ እንዳልሰማ ልሁን ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያ ነፋስ ጥያቄሽ ነው። ድፍን ድንጋይ አይነፍስም፤ የሚነፍስ ከሆነ ከኋላው ገና ያልገባሽበት ቤት አለ። ሰውየው በየዓመቱ ጭቃ ሲያቦካ፣ ውሃው ከግድግዳው ማዶ ነበር። እንግዲህ ምን ትጠብቂያለሽ? ችቦሽን ለኩሺና ግቢ!