ከበሩ ጀርባ ያለውን ያልተናገረው ኬላ

እትዬ ዘርፌ፣ የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊደልም ሳልሳሳት አልቀርም፤ ስምንተኛን እንዴት እንዳለፍኩ እርስዎ ያውቃሉ።

ትናንት የኔትወርክ ባለሙያው ጋሼ ምናሉ ኮሌጁ ውስጥ ራውተሩን፣ ኢንተርኔት የሚያስተላልፈውን ሣጥን፣ ሲያስተካክሉ እርስዎ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አገኙኝና፣ «መብራቱ በርቷል፤ ገመዱም ተሰክቷል። ታዲያ ምን ቀርቶት ነው የምታፈጡበት?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ስለነበረ ለመናገር አፈርኩ። መልሴ ይኸው።

አንድ ገበሬ ነበረ። ከተራራ ጀርባ ባለች መንደር ሽንኩርት ያመርታል። ሽንኩርቱ ቤቱን ሞልቶ መበስበስ ጀመረ፤ የሚገዛው ነጋዴ ግን አልመጣም። ስለዚህ እስከ ጎረቤት አገር መንገድ ጠረገ፤ ድንበሩ ላይ ኬላ ሠርቶ ቆመ። ከማዶ ያለው ኬላ ጠባቂ ስሙን ጠየቀው፤ እሱም የዚያን ጠየቀ። ጎረቤት ሆኑ። በየማለዳው «እንዴት አደርክ?» ይባባላሉ።

ገበሬው «ሽንኩርት አለኝ፤ ኑና ግዙ» ብሎ ወደ ሩቁ ገበያ መልእክተኛ ላከ። ነጋዴዎቹ ደስ ብሏቸው አህዮቻቸውን እየነዱ ተነሡ። ነገር ግን መንገድ በጠየቁበት ኬላ ሁሉ «እንዲህ የምትባል መንደር ሰምተን አናውቅም» እየተባሉ ተመለሱ።

ገበሬው ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ማዶ ተሻግሮ ጠባቂውን «ጎረቤቴ መስለኸኝ! እንግዶቼን ትመልሳለህ?» አለው።

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ስምህን ነገርከኝ እንጂ ከበርህ ጀርባ ምን እንዳለ መቼ ነገርከኝ? ሰላምታህን ላሳያቸው?»

«ሳይጠየቁ መናገር ነውር መስሎኝ።»

«ሽንኩርት ማበስበሱ ነው ነውሩ!»

እዚያ ቆሞ የሚሰማ አንድ መንገደኛ ሳቀና «ከተናገርክ አይቀር፣ አገሩ ሁሉ በእኔ በኩል ነው በላቸው!» አለ።

ገበሬው ግን «የሌለኝን አልልም፤ ያለኝንም ከእንግዲህ አልደብቅም» አለ። ወደ ኬላው ተመልሶ፣ «ከዚህ በር ጀርባ እንኮይ ሜዳ የምትባል መንደር አለች። ወደ እንኮይ ሜዳ የሚሄድ በእኔ በኩል ይለፍ!» ብሎ ጮኸ። የማዶው ጠባቂ ሰምቶ ለቀጣዩ ኬላ ነገረ፤ ያም ለሌላው። ወሬው ገበያ ደረሰ። አህዮቹም መጡ። የበሰበሰው በስብሶ፣ የተረፈው ተሸጠ።

እትዬ፣ ያ ኬላ ራውተሩ ነው። የጎረቤቱ ራውተር አድራሻ ተጽፎለታል፤ ሰላምታም ይለዋወጣሉ። ነገር ግን ከጀርባው ያለው የኮሌጁ አድራሻ ለጎረቤቱ እንዲነገር ካልተጻፈበት፣ ከኮሌጁ የወጣው ጥያቄ መልስ መመለሻ መንገድ አያገኝም። ጋሼ ምናሉ ሲጽፉ የነበረው ያንን አንድ መስመር ነው። እኔም ያፈጠጥኩት እሱ ላይ ነበር።

እኔ ደግሞ እንደ ገበሬው ነኝ። በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ?» እልዎታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሱቅዎ እንድቆም ሲነግሩኝም «እሺ» አልኩ። እሺ ያለው አፌ ብቻ ነው። ሱቅ አልገባም፣ እትዬ። ዘጠነኛ ክፍል ተመዝግቤ ይህን ሥራ መማር እፈልጋለሁ። እስከዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።