ለጋሽ ዘርጋው የተሠራው ቤት

አንድ ቀን፣ ፋሲካ አልፎ ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ቴክኒክ ኮሌጅ ግንበኝነት የምንማር አምስት ልጆች ተጠርተን የመመረቂያ ሥራችን ተነገረን። ርዝመቷ ሦስት፣ ወርዷ ሁለት ሜትር የሆነች፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት ቤት ሠርተን ሰኔ መጀመሪያ ላይ እንድናስረክብ ነው። ከዞን የሚመጣ መዛኝ አይቶ ሰው ሊኖርባት ይችላል ካለ እንመረቃለን፤ አይችልም ካለ ዓመቱን እንደግማለን።

ቤቷ የምትሰጠው ለኮሌጁ ዘበኛ ለጋሽ ዘርጋው ነበር። ጋሽ ዘርጋው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖሩት የግቢው በር አጠገብ ባለች አሮጌ የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ነው። ሲቆሙ ራሳቸው ጣራውን ይነካል፤ ሲተኙ እግራቸው በበሩ ይወጣል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ውሃው ከላይም ከታችም ስለሚገባባቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት። ቤት ሊሠራላቸው መሆኑን በሰሙ በማግስቱ ከእኛ ቀድመው መጥተው መሠረት ሲቆፍሩ አገኘናቸው።

ዲናችን አቶ ልሳነወርቅ ይባላል። ጋሽ ዘርጋውን አንቱ እያልኩ ዲኑን አንተ ማለቴ ተሳስቼ አይደለም። ይህ ሰው በዕድሜው አንዲት ብሎኬት አንስቶ አያውቅም፤ ስለ ብሎኬት ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ይናገራል። ስለ ንብ ማነብም፣ ስለ መንገድ ሥራም፣ ስለ ጥርስ ሕመምም ያው ነው። እንዲያውም ስለማያውቀው ነገር ሲናገር ድምፁ ይበልጥ ያምራል።

መሠረቱን ቆፍረን ድንጋይ መደርደር ስንጀምር ከነሱፉ ብቅ አለና ዙሪያውን ቃኘ።

«የመሠረት ድንጋዩን ማን አስቀመጠ?» አለ።

«እኛ ነን» አልነው፣ የደረደርነውን እያሳየን።

«እሱን አይደለም የምላችሁ። ጽሑፍ ያለበትን ነው። እሱ ሳይቀመጥ ሥራ ይጀመራል እንዴ? የት ነው የተማራችሁት?»

«እዚሁ» አለች ይታይሽ።

ይታይሽ ከአምስታችን ብቸኛዋ ሴት ናት። አባቷ ግንበኛ ስለሆነ ፊደል ሳትቆጥር በፊት ነው ቱምቢ ይዛ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ማየት የጀመረችው። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ፊት ለፊቷ ያለው ሰው ቢጠነቀቅ ይሻለዋል። ያን ዕለት ዲኑ አልተጠነቀቀም፤ መልሷንም የሰማት አይመስለኝም።

እንግዲህ ቤቷን ትተን የመሠረት ድንጋዩን ማቆሚያ መሥራት ጀመርን። መጀመሪያ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነበር። ዲኑ መጣና «ክቡር እንግዳ ከዞን ድረስ መጥቶ አጎንብሶ ያንብብ?» አለ፤ እስከ ደረት ከፍ አደረግነው። የጨመርነው ብሎኬት ከቤቷ ብሎኬት ላይ ተነሳ። ከዚያ እምነበረድ ተለጠፈበት፤ በወርቅማ ቀለምም ተጻፈበት። በሦስተኛው ቀን ዲኑ ወደ ሰማይ አንጋጦ አየና «ቀለሙን ዝናብ ያጥበዋል፣ ጣራ ይሠራለት» አለ።

«ሁለት ቆርቆሮ ይበቃዋል» አልኩት እኔ፣ ቢያንስ አራቱ ለቤቷ ይተርፋል ብዬ።

«አንተ ልጅ፣ ትንሽ ማሰብ ነው የጎዳን። ግራና ቀኝ ክንፍ ይኑረው።»

ለቤቷ የመጣው ቆርቆሮ ስድስት ነበር፤ ስድስቱም ክንፍ ሆኖ ቀረ። ሲሚንቶው ለእሱ ልስን ሆነ። ከዲኑ ቢሮ ቀይ መጋረጃ መጥቶ ተሰቀለለት። በመጨረሻም ፍየል እንዳይታከከው ተብሎ ለቤቷ መስኮት የመጣው ብረት አጥር ሆነለት። ቤቷ ገና ከመሠረቷ ሳትነሳ ጎን ለጎን ሆና ይህን ሁሉ ታያለች።

ጽሑፉን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «የዚህ ግዙፍ የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት የመሠረት ድንጋይ በኮሌጁ ዲን በክቡር አቶ ልሳነወርቅ ተቀመጠ።» ግዙፍ የተባለችው እንግዲህ ሦስት በሁለቷ ናት። ከዞን ይመጣሉ የተባሉት እንግዳ ስብሰባ አለብኝ ብለው ቀሩ። ዲኑ አልከፋውም፤ ራሱ መጋረጃውን ገልጦ ራሱ አጨበጨበ። ንግግሩ ገና ወደ መግቢያው ማብቂያ ሲደርስ ዝናብ ጣለ። እሱ ከክንፉ ሥር ገብቶ ቀጠለ፤ እኛ ሜዳው ላይ ቆመን ሸሚዛችን ከገላችን እስኪጣበቅ በሰበስን።

ንግግሩ ሲያልቅ ጋሽ ዘርጋው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠጋ አሉት።

«ጌታዬ፣ የቤቷ ቆርቆሮስ መቼ ይመጣ ይሆን? ክረምቱ ደረሰ።»

«በሂደት ላይ ነው፣ ዘርጋው። አንተ በርህን ጠብቅ።»

ጋሽ ዘርጋው ባርኔጣቸውን መልሰው አጥልቀው ወደ በራቸው ተመለሱ። አባቱ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። በጣም ተናደድኩ፤ ግን የምመረቀው እኔ፣ የሚፈርመው እሱ ነውና ንዴቴን ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ ግድግዳዋን በተረፈው ብሎኬትና በጭቃ አቁመን፣ ሳምንት በሳምንት ቢሮው እየሄድን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ጠየቅን። ሂደቱ ግን ሂደት ላይ እንዳለ ሰኔ ገባ።

የምዘናው ቀን በጠዋት ኢንጂነር አስካለ የሚባሉ፣ ረጋ ያሉ ሴትዮ ከዞን መጡ። ቤቷ አራት ግድግዳ ሆና ቆማለች። ጣራ የላት፣ ልስን የላት፤ ወለሏ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ኩሬ ሠርቷል። እኛ አፋችንን ሳንከፍት ዲኑ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀደመን።

«ይኸው እንደሚያዩት ነው፣ ኢንጂነር። የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ አሟልቼ ሰጥቻቸው ነበር። የዛሬ ልጆች ሥራ አይወዱም። ዕቃውን የት እንዳደረሱት እነሱ ይጠየቁ። እኔ ዓመቱን ይድገሙ ባይ ነኝ።»

አባቴ ለምረቃዬ ብሎ በግ ማድለብ ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው፤ ምን ብዬ ነው ደጁን የምረግጠው? ጓደኞቼን አየኋቸው፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ዲኑ ደግሞ የሚያየን ፈገግ ብሎ ነው።

ኢንጂነር አስካለ ቅጻቸውን አወጡ። «እዚህ ላይ ያለው ዋናው ጥያቄ አንድ ነው» አሉ። «ሰው ሊኖርበት ይችላል ወይ?»

«አይችልም ብለው ይጻፉት» አለ ዲኑ።

«ሳይጽፉ አንዴ ይቆዩ፣ ኢንጂነር» አለች ይታይሽ። «ቤታችን ያ አይደለም። ቤታችን ወዲህ ነው።»

መሬት መሬት ማየታችንን ትተን እሷን ማየት ጀመርን። ኢንጂነሯን እየመራች ወሰደቻቸውና ከመሠረት ድንጋዩ ፊት አቆመቻቸው። ዲኑ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይቺ ልጅ ሦስት ዓመት ተምራ ቤትና የመሠረት ድንጋይ አትለይም። እኔ ምን ላድርግ?»

«ይለኩት» አለች ይታይሽ ለኢንጂነሯ፣ ቱምቢዋን ከኪሷ አውጥታ እየሰጠቻቸው። ዲኑን ዞር ብላም አላየችው።

ኢንጂነር አስካለ በቀላሉ የሚገረሙ ሴት አይደሉም። ቱምቢውን አንጠልጥለው ለኩ፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ውሃ ልክ አስቀመጡ፤ ዝንፍ አላለም። በባልዲ ውሃ አስመጥተው ጣራው ላይ አስደፉ፤ አንዲት ጠብታ አላለፈችም። ልስኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። የአጥሩን በር ከፍተው ዘጉት። ዲኑ በየመሃሉ «ኢንጂነር፣ ይህ እኮ...» እያለ ይጀምራል፤ እሳቸው እጃቸውን ብድግ ያደርጉና ዝም ያሰኙታል።

«ሥራው ንጹሕ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጣራው አያፈስም፣ ልስኑ ጥሩ ነው፣ መጋረጃና አጥርም አለው። ግን ልጄ፣ ቤት ነው ብዬ እንድፈርምልሽ የሚኖርበት ያስፈልጋል። እዚህ ውስጥ ማን ይገባል?»

ይታይሽ ቀዩን መጋረጃ ገለጥ አደረገችና በወርቅማ የተጻፈውን አሳየቻቸው።

«ገብቶበታል እንጂ፣ ኢንጂነር። እኛ የምንሠራው ለጋሽ ዘርጋው ነበር፤ የዲኑ ስም ቀድሟቸው ገባ።»

ስለ ሁሉም ነገር የሚናገረው ሰው ያን ዕለት ስለ ራሱ ስም እንኳ የሚናገረው አጣ። ጋሽ ዘርጋው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ሳል ያዛቸው፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳል አለመሆኑን አምስታችንም አውቀናል። ኢንጂነር አስካለ ግን ጥርሳቸውን እንኳ አላሳዩም። እስክሪብቷቸውን አውጥተው ሁላችንም እንድንሰማ ቃል በቃል እያነበቡ ጻፉ፦

«የተማሪዎቹ ሥራ አልፏል። ነዋሪው በሦስት ቀን ውስጥ ጣራውን ለጋሽ ዘርጋው አስረክቦ ይውጣ።»