የተውሶ ጎማ

አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ያለችው ሰው ነበረ። ተቀመጥ ዘርይሁን፣ ቆመህ አትስማኝ፤ በር በሩንም አትይ። «አባ፣ በየጾሙ ንስሐ እገባለሁ፣ ያዘዙኝን ስግደት እሰግዳለሁ፣ ልቤ ግን ለምን አያርፍም?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱ እዚያች መኪና ውስጥ አለ። ወንድምህ እንዴት ሆነ ስልህ ደግሞ «ደህና ነው» ብለህ ጫማህን አየህ። እሱን ለጊዜው እንተወው።

ከዚህ ሰው በፊት መኪናዋን ስንት ሰው እንደነዳት የሚያውቅ የለም። ሲገዛት ደስ ብሎት ነበር፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ሚስቱን ገበያ ይወስዳል፣ ዝናብ አይመታውም። ብዙም ሳይቆይ ግን የሚነዳው እሱ ይሁን እሷ አልለይ አለ። ራዲያተሯ ስለሚያፈስ ጥላ ባየ ቁጥር ቆሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ውኃ ይሞላል። ባትሪዋ ደካማ ስለሆነ ተገፍታ ካልሆነ አትነሣም፤ ስለዚህ ቁልቁለት ካላገኘ አያቆማትም። ወዳጅ ዘመዱን እንኳ በቁልቁለት መምረጥ ጀመረ። ቤቱ ሜዳ ላይ የሆነ ሰው ሐዘን ከገጠመው ይኸ ሰው ለቅሶ አይደርስም። አትሳቅ፣ እውነቴን ነው። አንዱን ሲያስጠግን ሌላው ይበላሻል፤ ፍሪሲዮኑ ሲቀየር ፍሬኑ ይጮኻል፣ ፍሬኑ ዝም ሲል ከሥር ዘይት ይንጠባጠባል። ደመወዙ ከቤቱ በፊት ጋራዥ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ የከፋው ዕረፍት ማጣቱ ነው። ብቻውን ሲነዳ ራዲዮውን ዘግቶ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ የትኛው ብረት እንደሚንኳኳ ያዳምጣል። ሚስቱ አብራው ስትሆን እንዳትሰማ ብሎ ራዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ቅዳሴ ላይ ቆሞ ዓይኑ ወደ በር ነው፤ የቆመችበት ቁልቁለት ላይ ተንሸራታ ትሄድ ይሆን እያለ። ሞተሩ ሲግል የምትበራ ቀይ መብራት ነበረች፤ ብታስጨንቀው አምፖሏን ነቅሎ ጣላት። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ባሰበት። ድሮ ስትበራ ብቻ ነበር የሚደነግጠው፤ አሁን የማትበራውን መብራት ሲያይ ይውላል።

በየዓመቱ ደግሞ ምርመራ አለ። ደህና የሆነች መኪና ቦሎ የሚባለው ማለፊያ ወረቀት መስታወቷ ላይ ይለጠፍላታል። የዚህ ሰው ጎማ ካለቀ ቆይቷል፤ አዲስ መግዛት የሚታሰብ አይደለም። ጎረቤቱ ግን በልኳ የሆነ ደህና ጎማ ያላት መኪና አለው። በሰፈራቸው ይኸ ልማድ ነው፤ የምርመራ ሰሞን በየግቢው መኪኖች ድንጋይ ላይ ተሰቅለው ታያለህ፣ ጎማቸው ለሌላ ሰው ቦሎ ሊያወጣ ሄዶ። ይኸም ሰው ጎማውን ይዋሳል፣ ሞተሩ ላይ የፈሰሰውን ዘይት በናፍጣ ያሳጥባል፣ ጭሱ እንዲቀንስ ወፍራም ዘይት ይጨምራል፣ ፍሬኑን ለዚያች ቀን ያህል ያስጠብቃል። ያልፋል። ማታውኑ ጎማውን መልሶ የራሱን ያስራል። ማንን በደልኩ ይላል ለራሱ።

አንድ ዓመት ቦሎው በተለጠፈ ማግስት ሚስቱን ከነጨቅላ ልጇ ይዞ ወደ እናቷ አገር ወረደ። መንገዱ ገደል ገደሉን ነው፣ ዝናብም ጥሏል። እሱ ደግሞ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ለምዷል። አንድ ጥምዝ ላይ ሲደርስ ፍሬኑን ረገጠ። ፍሬኑ ያዘ፣ ጎማው ግን መሬቱን አልያዘም። መኪናዋ እየተንሸራተተች ሄደች፤ ገደሉ አፋፍ ላይ የተቆለለ አፈር ባያቆማት ኖሮ ይህን ታሪክ የሚነግረኝ ሰው አይኖርም ነበር። ማንም አልተጎዳም። ሕፃኑም ከእንቅልፉ አልነቃም።

ሚስቱ ልጇን አቅፋ ወረደች። ጎንበስ ብላ ጎማውን በመዳፏ አሻሸችው፤ እንደ ሸክላ ልሙጥ ነው። ከዚያ ቀና ብላ መስታወቱ ላይ ያለውን አዲስ ወረቀት አየች።

«ትናንት አለፈች አላልከኝም?» አለችው።

«አልፋለች። ይኸው ቦሎዋ።»

«ታዲያ ያለፈችው የትኛዋ መኪና ናት?»

አልጮኸችበትም። ልጇን አዝላ ዳገቱን በእግሯ ተያያዘችው። ሰውየው እዚያው ቀረ። ልጁን ሊገድል እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ያስፈራው ግን ገደሉ ብቻ አልነበረም፣ ጥያቄዋም ነበር።

በማግስቱ መኪናዋን አስጎትቶ ምርመራ ጣቢያ ሄደ። መርማሪው ወረቀቱን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ጨርሰሃል፤ ለሌላው ቦታ ልቀቅ» አለው። ሰውየው ቦሎውን ከመስታወቱ ልጦ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«ከትናንት ወዲያ ያየሃት ይቺን አይደለም» አለ። «ጎማው የሰው ነበር። ዘይቱ ከሥር ይፈሳል። ፍሬኑን ለዚያች ቀን ነው ያስጠበቅሁት። የሙቀቷንም መብራት የነቀልኳት እኔ ነኝ።»

«ጤነኛ ነህ አንተ ሰው? ቦሎ ሊመልስ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም!»

«እንግዲህ እይ» አለው፤ «አሁን እራሷን አምጥቻታለሁ።»

መርማሪው መኪናዋ እንዳትንቀሳቀስ አገዳት። ጎረቤቱ የሰፈሩን ምስጢር አወጣብን ብሎ ሰላምታ ነፈገው። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ወጥታ ከረመች፣ ሰውየውም ዝናቡን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቻለው። ነገር ግን በዚያው ሳምንት እሑድ ከሚስቱ ጋር መጥቶ አስቀደሰ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ በር አልዞረም። ልብ አድርግ፣ መኪናዋ ገና አንድ ብሎን አልተፈታላትም ነበር።

አየህ ልጄ፣ አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። በየጾሙ ትመጣና «ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ፣ ጸሎት አስታጎልኩ» ትለኛለህ። እኔም እሰማሃለሁ፣ ቀኖና እሰጥሃለሁ፣ ትሄዳለህ። እነዚህ ግን የማንም ሰው ኃጢአት ናቸው፤ ከጎረቤትህ ተውሰህ ልታመጣቸው ትችላለህ። ከአባታችሁ ተዝካር ወዲህ አንተንና ወንድምህን አንድ ማዕድ ላይ አላየኋችሁም። እሱ ታሞ ከተኛ ሰነበተ፤ አንተ ደግሞ በደጁ ስታልፍ እርምጃህን ታፈጥናለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ምን አድርገኸው እንደሆነ፣ ወይም ምን አድርጎህ እንደሆነ አላውቅም፤ ነግረኸኝ አታውቅማ። ስሙን ስጠራብህ ግን ያቺ ቀይ መብራት የነበረችበትን ቦታ ታያለህ።

ለምን አላርፍም ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም በተራዬ ልጠይቅህ። ያለፈው ጾም መስቀሌን ግንባርህ ላይ አድርጌ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብዬሃለሁ። ያን ቀን ፊቴ የተንበረከከው የትኛው ዘርይሁን ነው?

በል ጫማህን ተወው። ወንድምህ በሕይወት ሳለ፣ ከእሱ ጀምረህ ንገረኝ።