ዋርሳዋ የለፋበት መንጃ ፈቃድ

በእኛ አገር ሰው ዱአ ሲያደርግ ጤና ይለምናል፣ ዝናብ ይለምናል፣ ልጅ ይለምናል። ይህን ሁሉ ለምኖ ሲያበቃ ፈገግ ብሎ የሚጨምራት አንዲት ልመና ደግሞ አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት «እንዲህ ያለ ነገርም ይለመናል እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። እኛ አንደነግጥም፤ ከየት እንደመጣች እናውቃለና። የመጣችው ከአንዲት ሴት መንጃ ፈቃድ ነው።

ከኮምቦልቻ ቁልቁል፣ ቆላው ላይ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ ይመር እንድሪስ የሚባል የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ጎማ ሲፈታና ሲያስር፣ ሸራ ሲወጥር ጎልምሷል። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብቻ ሕመሙን ይናገራል። መሪ የመጨበጥ ዕድል ግን አላገኘም። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሞክሮ የጽሑፉ ፈተና ጣለው፤ ደግሞ ተፈተነ፤ ደግሞ ጣለው። ከዚያ ወዲህ የፈተናው ወሬ በተነሳ ቁጥር «ወረቀቱ የሚሰጠው ለዘመድ ነው» ይልና ምራቁን እንትፍ ይላል።

ታላቅ ወንድሙ ኑርዬ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ከየእርሻው ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ ኮምቦልቻ ያደርስባት ነበር። ኑርዬ ታሞ ሲሞት ፒካፗ ጓሮው ውስጥ ከዋንዛ ጥላ ሥር ቆመች። ይመር ወንድሙን ከልቡ አልቅሷል፤ ይህን የሚክደው የለም። እያለቀሰም ግን ዓይኑ አንዳንዴ ወደ ዋንዛው ይሸሽ ነበር።

ሐዘኑ ሲወጣ ወደ ወንድሙ ሚስት ወደ ሰአዳ ሄደ።

«ሰአዳ፣ መኪናዋን ዝገት ከሚበላት ቁልፉን ለእኔ ስጪኝ። ሾፌር እቀጥራለሁ፤ እኔ ከላይ ሆኜ አሠራለሁ።»

ሰአዳ ቀና ብላ የባሏን ወንድም አየችው። «ዋርሳዬ፣ አስቤበታለሁ። መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ራሴ ልነዳት ነው።»

ይመር ሳቀ። «ምን ምን እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ? ገበያ ወርዶ ቲማቲም መምረጥ መሰለሽ?»

«ሄጄ ጠይቄያለሁ። መታወቂያ አለኝ። የስምንተኛ ክፍል ካርዴም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ከዚያ የጤና ምርመራ፣ ከዚያ ስልጠና፣ ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ በመጨረሻ የመንዳት ፈተና። ሌላ ካለ አንተ ንገረኝ።»

ሌላ አልነበረም። ሌላ እንዳልነበረ ደግሞ ከይመር በላይ የሚያውቅ የለም።

ያን ምሽት እንጀራው አልዋጥ አለው። «አታልፍም» ሲል ትንሽ ቀለል ይለዋል፤ «ብታልፍስ?» ሲል የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ያስቀምጣል። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው መኪና ያጠበ እሱ፤ ከመሪው ኋላ የምትቀመጠው እሷ! ወንድሙ እንኳ በሕይወት ሳለ እንዲህ አላስቀናውም። ኑርዬ ቢያንስ ታላቁ ነበር።

ቅናት ደግሞ ማስታወስ ይችልበታል፤ አንድ ነገር አስታወሰው። ሰአዳ ገበያ ውስጥ ሰውን ሰላም ሳትል ታልፋለች። አገሩ ሁሉ «ኮራች» ይላታል። ይመር ግን ኩራት እንዳልሆነ ያውቃል፤ ኑርዬ ከመኪናው ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝላት፣ ደጃፏ ደርሶ እስኪያቆም ድረስ ማን እንደሆነ አትለይም ነበር። ሴትዮዋ ከሩቅ አታይም! ራሷ እንኳ ይህን አታውቅም፤ ዓለም ለሁሉም ሰው እንደዚያ ጭጋግ የለበሰ ይመስላታል።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ መርማሪዋን ነርስ ለብቻዋ አነጋገራት።

«እኅቴ፣ ለነፍስ ብዬ ነው። ሰአዳ የምትባል ሴት ለመንጃ ፈቃድ ልትመረመር ትመጣለች። ከሩቅ አታይም። ዝም ብላችሁ እንዳትፈርሙላት፣ ሰው ትጨርሳለች።»

ነርሷም ሰአዳ ስትመጣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ፊት አቁማ ረጋ ብላ መረመረቻት። ከላይኞቹ ትልልቅ ፊደሎች በታች ያለውን ማንበብ አልቻለችም። «በዚህ ዓይን አልፈርምም» ተብላ ተመለሰች። ይመር ወሬውን ሲሰማ ምሳው ጣፈጠው፤ ደግሞም አስጨመረ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሰአዳ ደሴ ወጥታ መነጽር አሠርታ መጣች። ቤቷ እንኳ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ይመር ደጃፍ እየሮጠች ደረሰች።

«ዋርሳዬ! ለካ ተራራው ላይ ዛፎች አሉ! አንድ በአንድ ይታያሉ እኮ!» ዕንባዋ በመነጽሩ ሥር ይወርዳል። «ነርሷ የነገርካትን ነገረችኝ። አንተ ባትኖር ለዓይኔ ማን ያስብልኝ ነበር? አላህ ይስጥህ።»

«አሚን» አለ ይመር። ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ነርሷም በመነጽሩ ደግማ መርምራ ፈረመችላትና ሰአዳ ስልጠናውን ጀመረች። ጠዋት ጠዋት የማሠልጠኛውን መኪና ይዛ በደጁ ስታልፍ ይመር ከአጥሩ ኋላ ሆኖ ያዳምጣል፤ ማርሽ ስታንጫጫ ፊቱ ይፈካል፣ ለስላሳ ስትቀይር ይጠቁራል። እያደር የሚጠቁርበት ቀን በዛ። የጽሑፉንም ፈተና በአንድ ጊዜ አለፈች። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊላት ሲገባ እሱም ሰው እንዳይታዘበው ገባ።

ሰአዳ ከአጠገቧ አስቀመጠችውና በየዋህነት ጠየቀችው፦ «ዋርሳዬ፣ አንተን የጣለህ የትኛው ጥያቄ ነበር? እኔን የትኛው መኪና ቅድሚያ ያልፋል የሚለው በላብ አጥምቆኝ ነበር።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ያቺን ጥያቄ እስኪሞት ይቅር የሚላት አልመሰለውም።

በነጋታው ወደ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄደ። «ይህች ሴት የምታልፈው በዘመድ ነው» አለ። «አሠልጣኟ የእናቷ ወገን ነው። ነገ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።» የዘመድነቱ ነገር ከራሱ የፈለቀ ውሸት ነበር። የቢሮው ኃላፊ ግን ስሙን የሚወድ ጥንቁቅ ሰው ስለነበር ሐሜቱን ሰምቶ ዝም ማለትን ፈራ። ከሌላ ከተማ ፈታኝ አስመጣ። ፈተናው እንደ ወትሮው ከመጋዘኑ ጀርባ መሆኑ ቀርቶ በገበያ ቀን፣ ከከብት ተራው አጠገብ ካለው ዳገት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ እንዲሆን አዘዘ።

ይመር ይህን ሲሰማ ለጋሽ ሙሔ ሊያወራ ሮጠ። ጋሽ ሙሔ ረዳትነትን ያስተማሩት፣ በስተርጅና መንዳት ያቆሙ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ለጤና ጣቢያውም ለቢሮውም ያለውን አንድ ሳያስቀር ዘረገፈላቸው።

«አይ ይመር» አሉ ጋሽ ሙሔ። «ይህን ያህል ለራስህ ፈተና ብትለፋ ኖሮ የት በደረስክ።»

«ግዴለም፣ ብቻ ነገ ይምጡና ይዩ!»

ጋሽ ሙሔም መጡ፤ ገበያተኛውም እንዳለ መጣ። የሽንኩርት ነጋዴው ጆንያውን ጥሎ፣ በግ ሻጩ በጉን እየጎተተ ዳገቱን ከበበው። ፈታኙ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ሰአዳ ወደ ኋላ እየነዳች ለፈተናው በተተከሉት እንጨቶች መካከል ገባች፤ አንዱንም አልነካችም። ከዚያ ዳገቱን ጀመረች። ልክ ከመሃሉ ስትደርስ ፈታኙ «አቁሚ!» አላት።

አቆመች። የይመር ሁለት እጆች ኪሱ ውስጥ ተጨበጡ። «ተንሸራተቺ» አለ ለራሱ፤ «ተንሸራተቺ፣ ተንሸራተቺ።»

«ቀጥዪ!»

ሰአዳ የእጅ ፍሬኑን ይዛ፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል በእግሯ ቀስ እያለች ለቀቀች። ሞተሩ አጉረመረመ። መኪናው ስንዝር ያህል ወደ ኋላ እንኳ ሳይል ዳገቱን ይዞ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ፈታኙ ወርዶ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ይህች ሴት ፈቃዱ አይገባትም የሚል ካለ አሁን ይናገር።»

ይመር የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር።

ያኔ ነው የሽንኩርት ነጋዴዎቹ ሰአዳን የከበቧት። እስከዚያ ቀን «ሴት የነዳችው ጭነት ገደል ይገባል» የሚሉት እነሱ ነበሩ። አሁን በዓይናቸው አዩ። አንዱ «የኔን ጭነት ሳትይዢ እንዳትሄጂ» ሲል ሌላው «እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁ» ይላል። የቢሮው ኃላፊም እየሳቀ ለጋሽ ሙሔ «አንድ ሰው ሐሜት ባያመጣልን እኮ ከመጋዘን ጀርባ ነበር የምንፈትናት፤ ማን ያያት ነበር?» አላቸው።

ፈቃዱ ከእጇ ገብቶ መሥራት በጀመረች ቀን፣ ሰአዳ ፒካፗን ሽንኩርት ሞልታ ከጋሽ ሙሔ ደጅ አቆመች። ይመር ከሽማግሌው ጋር ተቀምጦ ነበር። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ጠራችው። ሲቀርብ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቢሮ ሄደህ ያልከውን ሰምቻለሁ። የዓይኔንም ነገር ለነርሷ ለምን እንደነገርካት ዘግይቶ ገባኝ። ቢሆንም የዚህችን መኪና ሆድ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ረዳት እፈልጋለሁ፤ የምከፍልህም ለማንኛውም ረዳት የሚከፈለውን ነው። ትመጣለህ ወይስ ሌላ ልፈልግ?»

ይመር ቆመ። መሪውን አየ፣ በመሪው ላይ ያረፉትን እጆቿን አየ። ቅናቱ አልለቀቀውም። ቢሆንም ዞሮ በወዲያኛው በኩል ያለውን በር ከፈተና ዕድሜውን ሙሉ ከተቀመጠበት ከረዳቱ ቦታ ተቀመጠ። ፒካፗ አቧራ አስነስታ ወደ ኮምቦልቻ ታጠፈች።

ጋሽ ሙሔ ከዓይናቸው እስክትሰወር ተመለከቷት። ከዚያ መዳፎቻቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉና፣ ደጅ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «አላህዬ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ ብቻ ምቀኛ አታሳጣኝ!» አሉ።