የዘመመችው አበባ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እሰይ፤ እንዲህ ጮክ በሉልኝ እንጂ።

በድሮ ዘመን፣ በቻይና አገር፣ መምህር ዌን የሚባሉ ሠዓሊ ነበሩ። ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ፤ እንደኛ አገር ደብተራ ጥላሸት በጥብጠው፣ በጥቁር ቀለም ብቻ አበባ ይሥሉ ነበር። በዚያ አገር አበባ ሁሉ ትርጉም አለው። የፕሪም አበባ በበረዶ መሀል ይፈካልና ትዕግሥት ነው። የመጸው አበባ ደግሞ ለውርጭ አታጎነብስምና ኩሩ ሰው ናት። ስለዚህ ቀጥ ብላ ትሣላለች። ወግ ነዋ!

መምህሩ ሹላን የምትባል ተማሪ ነበረቻቸው። እናቷ ስትሞትባት መጠጊያ ፍለጋ መጥታ፣ ሰባት ዓመት የእሳቸውን ሥዕል ስትገለብጥና የእሳቸውን ስም ስትጽፍበት ኖረች። ከዚያም መምህሩ አረጁና ጠሯት።

፦ ልጄ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ የራስሽን አበባ ካመጣሽልኝ ብሩሼን አወርስሻለሁ። ካላመጣሽ ግን ከቤቴ ትወጫለሽ፤ ገልባጭ ሞልቶኛል።

የፕሪም አበባ ሥላ አመጣች።

፦ ይሄ የኔ ነው፤ አሉ።

ሌላ አመጣች።

፦ ይሄም የኔ ነው።

አልቅሳ ወጣች። ምን ታድርግ? እጇ የእሳቸውን እንጂ የራሷን አያውቅ። ብትወጣስ የት ትገባለች?

በመጨረሻው ቀን ብሩሿን ይዛ ቁጭ አለችና የእናቷ ጓሮ ትዝ አላት። ኧረ የእናት ጓሮ! እኔም ትዝ አለኝ፤ ተዉኝ ልጆቼ። አንድ ጊዜ ዝናብ የመጸው አበባዋን ጣላት። እናቷም በተሰበረ የመጥረጊያ እንጨት ደገፈቻትና፦ ትዝመም፣ ግን መሬት አትንካብኝ፤ አለች። ሹላንም አበባዋን እንደዘመመች፣ ከነእንጨቷ ሣለቻት።

ተማሪዎቹ አይተው ሳቁ።

፦ ኩሩዋ ምርኩዝ ያዘች!

መምህሩ ግን ሥዕሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጠየቁ።

፦ እንጨቱን ማን ነው የተከለው?

፦ እናቴ ናት፣ የኔታ። አሁን የለችም።

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ።

፦ ስልሳ ዓመት አበባ ሣልኩ። አበባን የሚደግፍ ሰው እንዳለ አንድ ቀን አልሣልኩም። ይሄ የኔ አይደለም። በይ፣ ብሩሼ ያንቺ ነው፤ ስምሽን ጻፊበት።

ሹላን ብሩሹን አነሣች። ከዚያም እናቷ ያወጣችላትን ስም እያለቀሰች ጻፈች።

ተረቴን መልሱ፤ አፌንም ባዶውን አታስተኙት፣ ከዳቦው ቆረስ አድርጉለት።