ቀድሜ አላልፍም ያለችው ኮከብ

ተረት ተረት፣ የመስመሩ ርዝመት!

ትርሲት የምትባል የኮከብ ተመራማሪ ነበረች። ጣቢያዋ ከሰው ርቆ፣ ከደመና በላይ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። ግን ምን ቸገራት? ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አዲስ አበባ የሚያደርስ ፈጣን የኮምፒውተር መስመር ተዘርግቶላታል። ከየምርምር ጣቢያው የሚላከው መረጃ ሁሉ በዚያው መስመር ያልፋል።

አንድ ማለዳ ኮከብ ስትፈነዳ አየችና ፎቶ አንስታ ላከች። አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዋ ዶክተር ምንተስኖት ፎቶው ከደረሰው የዓለምን ትልልቅ ቴሌስኮፖች ወደ ኮከቧ ያስዞራል። ካልደረሰው ኮከቧ ዛሬውኑ ትከስማለች፤ ነገ ትርሲት አየሁ ብትል ማን ያምናታል? ፎቶዋ ግን የመስመሩ በር ላይ ደርሳ ቀጥ አለች።

ትርሲት አፏን ከገመዱ አስጠግታ ምን ሆንሽ አለቻት።

«ከፊቴ የአምናው ዝናብ ልኬት አለ። እኔ የዛሬ ጠዋት ልጅ ታላቄን ልቅደም? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩሽ?»

ወይ ጉድ! ትርሲት ወደ ዝናቡ ዞረች። አያ ዝናብ፣ በሞቴ እለፍ፤ አንተ ካላለፍክ ፎቶዬ አታልፍም፣ ፎቶዬ ካላለፈች ኮከቤ ትከስማለች አለችው። ዝናቡ ጎንበስ ብሎ፣ ከፊቱ እትዬ ደለል እንዳሉ ነገራት፤ ከሐይቅ ሥር የተቆፈሩ፣ የሺህ ዓመት ጭቃ። እሳቸውን መቅደም ነውር ነው አለ።

እትዬ ደለል፣ ይለፉ እንጂ፤ እርስዎ ካላለፉ ዝናቡ አያልፍም፣ ዝናቡ ካላለፈ ፎቶዬ አታልፍም፣ ፎቶዬ ካላለፈች ኮከቤ ትከስማለች። እትዬ ደለል ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አባባ አጥንት ሳያልፉማ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። አባባ አጥንት ከበረሃ የተገኙ የጥንት ሰው የጭን አጥንት ናቸው፤ ሚሊዮን ዓመታት አስቆጥረዋል።

አባባ አጥንት፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፤ እርስዎ ካላለፉ ደለሏ አያልፉም፣ ደለሏ ካላለፉ ዝናቡ አያልፍም፣ ዝናቡ ካላለፈ ፎቶዬ አታልፍም፣ ፎቶዬ ካላለፈች ኮከቤ ትከስማለች። ከአባባ ፊት ማንም የለም፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ልጄ» አሉ አባባ፣ «ከኋላዬ ማን እንዳለ ሳልጠይቅ በር አልፌ አላውቅም። የሚበልጠኝ ቢኖርስ?»

ትርሲት እንባዋ መጣ። ከአጥንት የሚበልጥ ከየት አባቷ ታምጣ? ዓይኗን ጠርጋ ፎቶዋን አየች፤ መሐሏ ላይ ያለችውን የብርሃን ነጥብ አየች። ከዚያ እንደገና ወደ ገመዱ ጎንበስ አለች።

«አለች እንጂ አባባ! ፎቶዋ የዛሬ ናት፤ ብርሃኗ ግን ከቤቷ ከኮከቧ ስትወጣ እንኳን እርስዎ ቅድመ አያትዎም አልተወለዱም። ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነበረች።»

አባባ ክው አሉ። እንዲህ ያለች ትልቅ ሰው ጭራ ላይ አቁመን! ኖር ብለው ተነሡ። አባባ ሲነሡ ደለሏ ኖር ብለው ተነሡ፣ ደለሏ ሲነሡ ዝናቡ ኖር ብሎ ተነሣ። ፎቶዋ አፍራ፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ አለችና በመሐላቸው አለፈች።

ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ስልኩ ጮኸ።

«ትርሲትዬ፣ ኮከብሽን አየኋት» አለ ምንተስኖት። «ቴሌስኮፖቹ ሁሉ ወደ እሷ እየዞሩ ነው።»

ትርሲት ወንበሯ ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች፤ ደስታው ሲበዛባት ደግሞ አለቀሰች። እነ አባባ አጥንትማ እስካሁን በር ላይ ይገባበዛሉ አሉ። የኔም ተረት አለቀ፤ በሩ ያው፣ እናንተ ቅደሙ።