የእትዬ አንጓች ጉርሻና እምቢ ያለው ብራቾ

አንዲት እናት ነበረች ልበላችሁ፤ እናንተም «ነበረች» በሉኝ። ስሟ እትዬ አንጓች ነው። ልጇ ውባለም ጃናሞራ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። እትዬ አንጓች የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራስ ልጇን በእጇ ገንፎ ማጉረስ። የገብስ ዱቄትና ቅቤዋን ይዛ የሾፌሩ የጋሹ አሮጌ የመስክ መኪና ላይ ወጣች።

ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ከስር ቋ አለ። ጋሹ ወርዶ አየና ራሱን ያዘ። የፊት ጎማውን ከመኪናው አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ፣ መካኒኮች ብራቾ የሚሉት፣ ተሰብሯል። አምና ሲሰነጠቅ «ላጠንክረው» ብሎ ባሌስትራ ከሚባለው የመኪና ሞላ ብረት ቁራጭ አስበይዶበት ነበር። ባሌስትራ ግትር ነው፣ ብየዳ አይወድም፤ ብራቾው እዚያው ብየዳው ጥግ ላይ ተቆረጠ።

«እንሂድ እንጂ ልጄ» አለችው።

«መኪናው ያለ ብራቾ አልሄድም ብሏል፣ እማማ።»

መኪናው ካልሄደ እትዬ አንጓች ልጇን አታጎርስም።

መኪናው በቆመበት መንደር ሙላቴ የሚባል በያጅ አለ። ከተገለበጠ መኪና የፈታውን ብራቾ አወጣና አገላብጦ አየው። «መግጠሙን እገጥመዋለሁ። ግን ሆዱ ስስ ነው፤ ብየዳ የሚቀበል ለስላሳ ላሜራ ካላለበስኩት ይሄን ድንጋይ አይችልም። ጄኔሬተሩ ደግሞ ናፍጣ ጨርሷል።»

እንግዲህ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ካልጠጣ አይነሳም፣ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ሙላቴ አይበይድም፣ ሙላቴ ካልበየደ ብራቾው አይጠነክርም፣ ብራቾው ካልጠነከረ መኪናው አይሄድም፣ መኪናው ካልሄደ እትዬ አንጓች ልጇን አታጎርስም።

ናፍጣ ያለው ባለወፍጮው አቶ ባዘዘው ዘንድ ነው። ወፍጮው ቆሟል፤ እሱም ደጃፉ ላይ ተክዞ ተቀምጧል።

«ናፍጣው ወንዝ ማዶ መጋዘን ውስጥ ነው፣ እማማ» አላት። «ሚስቴ አራስ ናት፤ እህል አልቀምስ ብላለች። እሷ ሳትበላ ጥያት ንቅንቅ አልልም።»

እትዬ አንጓች ገባች። ሚስቱ ጠጂቱ ሕፃኗን አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

«ምነው የማትበዪው፣ ልጄ?»

«አራስን የምታጎርስ እናት ናት። የእኔ እናት አምና ሞተች። እናት ካላጎረሰችኝ አልበላም።»

በሉ እንግዲህ፤ ጠጂቱን እናት ካላጎረሰቻት አትበላም፣ ጠጂቱ ካልበላች ባዘዘው ወንዝ አይሻገርም፣ ባዘዘው ካልተሻገረ ጄኔሬተሩ ናፍጣ አይጠጣም፣ ጄኔሬተሩ ካልጠጣ ሙላቴ አይበይድም፣ ሙላቴ ካልበየደ ብራቾው አይጠነክርም፣ ብራቾው ካልጠነከረ መኪናው አይሄድም፣ መኪናው ካልሄደ እትዬ አንጓች ልጇን አታጎርስም።

እትዬ አንጓች ስንቋን አየች። ዱቄቱም ቅቤውም የውባለም ነው፤ ሳሳች፣ ለምን እዋሻችኋለሁ። ደግሞ የጠጂቱን ጀርባ አየችው፤ ልክ የውባለምን ያህል ቀጭን ነው።

«ውሃ ጣዱልኝ» አለች።

ገንፎውን አገነፋች፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ አፈሰሰችበት። «እንኪ የኔ ልጅ፤ ዛሬ እናትሽ እኔ ነኝ» አለቻት። ጠጂቱ ዞረች፤ እያለቀሰች ጎረሰች፣ ደገመች፣ ሰለሰች።

ጠጂቱ በላች፣ ባዘዘው ወንዝ ተሻገረ፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣውን ጠጣ፣ ሙላቴ በየደ፣ ብራቾው ላሜራ ለብሶ ጠነከረ፣ መኪናው ድንጋዩን እየረገጠ ሄደ፣ ጃናሞራም ገባ።

ውባለም እናቷን ስታይ ከአልጋዋ ቀና አለች። «እማዬ፣ ዘገየሽብኝ።»

«መንገድ ላይ እህት ወልጄልሽ ነው» አለች እትዬ አንጓች። እጇን ታጠበች፣ በተረፈው ዱቄት ገንፎ አገነፋችና አጎረሰቻት።